መጻጉዕ ስልክ ቢኖረው

(በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ለሰበካ ጉባኤ የልማት ተጠሪዎች፣ ለእድር ጸሐፊዎችና ለጤና ባለሙያዎች በተዘጋጀ የምክክር መድረክ፣ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በመጻጉዕ ሰሞን የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ጤና፣ ቴክኖሎጂና ለተጋላጭ ወገኖች የሚደረግ ድጋፍ፤ ጥናቶች ምን ያሳያሉ?» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ፣ ጊዜው ግን ግማሽ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁሉን ለመዳሰስ አልሞክርም። በዛሬው አጀንዳ በሦስተኛ ተራ ቁጥር የተያዘ አንድ ሐሳብ አለ፤ በክፍለ ከተማችን ባሉ አጥቢያዎች የሚረዱ አረጋውያን፣ ሕሙማንና ወላጅ አልባ ሕፃናት ሁሉ ከነስልክ ቁጥራቸው በአንድ የኮምፒውተር መዝገብ ይግቡ፣ ክትትሉም በስልክ ይሁን የሚል ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት ወንድሞች ቅን ልብ እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ከእነርሱም አንዱ ጓደኛዬ ነው። እኔ የምናገረው ይህን ውሳኔ ከማሳለፋችን በፊት ልናስብበት ይገባል የምለውን ነው።

ያለነው በመጻጉዕ ሰሞን ነው። ከዐቢይ ጾም ሳምንታት ዐራተኛው በዚያ በሽተኛ ስም መጠራቱን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። አምስት መመላለሻ በነበራት መጠመቂያ ዳር 38 ዓመት በአልጋው ላይ ኖረ። ይህን ምንባብ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ሐሳቤ የሚያርፈው በተአምሩ ላይ ነበር። አሁን ግን በዚህ ሥራ ላይ ከዋልሁ በኋላ የማስበው ስለ ርቀቱ ነው። መድኃኒቱ ከአጠገቡ ነበረ፤ ምናልባት ጥቂት ርምጃ ቢሆን ነው። ጌታም ልትድን ትወዳለህን ብሎ ሲጠይቀው ስለ ሕመሙ ጽናት አላወራም፤ የተናገረው ውኃው በታወከ ጊዜ የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነው። ስልክ ቢኖረው ኖሮ ለማን ይደውል ነበር ብዬ አንዳንዴ ራሴን እጠይቃለሁ። ጥያቄው የቀልድ ቢመስልም ዛሬ የማነሣው ሁሉ ከእርሱ ይወጣል።

እንግዲህ ወደ ሠፈራችን ልምጣ። ካዛንቺስ የሚለው ስም በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ድርጅት የመጣ ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ» ሲሉት ቆይቶ ካዛንቺስ ሆነ። የሠፈሩ ስም ራሱ የቤት ስም መሆኑን በዚህ ዓመት ደጋግሜ አስታውሼዋለሁ። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ የኮሪደርና የመልሶ ማልማት ሥራው ካዛንቺስ ሲደርስ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎችም የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወሩ። ስለ ልማቱ ለመከራከር እዚህ አልቆምሁም። ከሄዱት መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸው መጸዳጃ ያለው ቤት እንዳገኙ በደስታ የነገሩኝ አሉ፤ ቡና አጣጭ በማጣታቸው ብቻ የታመሙም አሉ። እኔን የሚመለከተኝ ከቤቱ ጋር አብሮ ያልተዛወረው ነገር ነው።

ከእነዚህ አንዱ የሕክምና ካርድ ነው። በክፍለ ከተማችን ያለው የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል በሀገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት መስጠት ከጀመሩት ቀዳሚ ተቋማት አንዱ ነው። መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ሲሰጥ ከቂርቆስ፣ ከመሿለኪያ፣ ከቄራ፣ ከካዛንቺስ ብዙ ወገኖቻችን በየጤና ተቋሙ ተመዝግበው እስከ ዛሬ በሕይወት አሉ። ያኔ በሠላሳዎቹ የነበሩት አሁን ሽበት ጣል አድርጎባቸዋል፤ ያኔ ጎልማሳ የነበሩትም አርጅተዋል። በየመዝገቡ የሰፈረው አድራሻቸው ግን ዛሬ የሌለ ቀበሌ፣ የሌለ የቤት ቁጥር ነው።

አሁን ሦስት ነገሮች እንዴት እንደተገጣጠሙ ልብ በሉልኝ። የመጀመሪያው መልካም ነገር ነው። ሕመሙ ተረጋግቶለት መድኃኒቱን በሥርዓት የሚወስድ ሰው በየወሩ እንዳይመላለስ የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይሰጠዋል። ይህ ለታካሚውም ለነርሷም እፎይታ ነው። ሁለተኛው፣ ባለፈው ሐምሌ የስድስት ወሩን ወስዶ በጥቅምት ቤቱ የተዛወረ ሰው፣ መዛወሩን ጤና ተቋሙ የሚያውቀው ቀጠሮው በሚደርስበት በጥር ወር ነው፤ ያውም ከመጣ። ሦስተኛው፣ በጥምቀት ማግሥት፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የዩናይትድ ስቴትስ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀናት እንዲታገድ በዋሽንግተን ትእዛዝ ወጣ። ወዲያውም በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው በየጤና ተቋሙ ይሠሩ የነበሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ቀጠሮ ያሳለፈ ሰው ሲኖር ደውሎ፣ ካልሆነም ቤት ድረስ ሄዶ የሚፈልግ ሠራተኛ ሥራው በአብዛኛው የሚከናወነው በዚህ ዓይነት ገንዘብ ነበር። እንግዲህ ቀጠሮው በደረሰበት በዚያው ወር አድራሻው የለም፤ ፈላጊውም የለም። የቀረው ስልክ ቁጥሩ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ የምናገረው ስለ ራሴ ጥፋት ነው።

በየካቲት ወር፣ ከመደበኛ ሥራዬ ውጭ፣ አንድ ጤና ተቋም የቀጠሮ ቀናቸው ላለፈባቸው ሰዎች በፈቃደኝነት የሚደውል ሰው ሲፈልግ እሺ አልሁ። ካህናትና ዲያቆናት ምስጢር ይጠብቃሉ ተብሎ ታምኖ መሆኑ ነው። ከተሰጠኝ ዝርዝር ውስጥ የአንዲት ካዛንቺስ የኖሩ እናት ቁጥር ነበረ። ደወልሁ፤ ያነሣችው አንዲት ወጣት ናት። እማማን ጠየቅኋት፤ አብራቸው እንደማትኖር፣ የድሮ ጎረቤት እንደነበሩ ነገረችኝ። ለካ እማማ የራሳቸው ስልክ ስላልነበራቸው ከዓመታት በፊት የጎረቤታቸውን ቁጥር ሰጥተው ኖሯል። «ለምን ፈለጓቸው?» አለችኝ። የመድኃኒት ቀጠሯቸው እንዳለፈ ነገርኋት። «የግፊቱን መድኃኒት ነው? እርሱን እኮ እዚያው አጠገባቸው ካለው ጤና ጣቢያ ጀምረዋል» አለች፤ ልታረጋጋኝ ብላ። እኔም ሳላስብ «አይ፣ የግፊቱ አይደለም፤ የሌላው ነው» አልሁ።

ይኸው ነው። ሰባት ቃል እንኳ አይሞላም። ከዚያም ዝም አለች፤ እኔም ዝም አልሁ፤ ስልኩን ዘጋሁ። የበሽታውን ስም አልጠራሁም ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርሁ። ነገር ግን ልጅቱ ለእናቷ፣ እናቷ ለሌላ የቀድሞ ጎረቤት፣ እንዲህ እያለ እኔ እማማን ፈልጌ ሳላገኝ ወሬው ቀድሞኝ ገላን ጉራ ደረሰ።

ያገኘኋቸው በስልክ አይደለም። የቀድሞው እድራቸው፣ አባላቱ በየአቅጣጫው ቢበተኑም፣ ወርኀዊ መዋጮውን አሁንም በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ግቢ እንደሚሰበስብ ሰማሁ። ሄጄ ጸሐፊውን «እማማን ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር» አልኋቸው፤ ለምን ብለው አልጠየቁኝም። ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር ገልጠው የሕንፃውን ቁጥር፣ ፎቁን፣ በሩ በስተቀኝ መሆኑን ሳይቀር አነበቡልኝ። በዚያ ደብተር ላይ የሰው ስም፣ የተከፈለ ገንዘብና የመኖሪያ ምልክት እንጂ የበሽታ ዐምድ የለም። ይህን ደብተር በኋላ እመለስበታለሁ።

እማማ በሩን ከፈቱልኝ፤ ማንነቴን ግን ገና ሳልናገር ዐውቀውት ነበር። ተቀመጥ አሉኝ። ቡና ሳያፈሉልኝ መጀመሪያ የነገሩኝን እንዳለ ላቅርበው፤ «ልጄ፣ እኔ እዚህ ስመጣ የማያውቁኝ ሰዎች መካከል በመሆኔ ዐርፌ ነበር። አንተ መልሰህ ሠፈሬን አመጣህብኝ።» ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ይቅር አሉኝ፤ የተሰበረው ግን በይቅርታ ብቻ የሚጠገን አይደለም። መድኃኒቱ ካለቀባቸው ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር። አቋርጠው እንዳይመስለን። በጥር ወር ቀጠሯቸውን አክብረው ሁለት ታክሲ ይዘው ካዛንቺስ ወርደዋል። ሠፈሩ ታጥሮ፣ የሚያውቁት ሱቅ ፈርሶ፣ የሚታጠፉበት ጥግ ጠፍቶ፣ ጥቂት ከተንከራተቱ በኋላ ሰው መጠየቅ አፍረው ተመለሱ። «ወዴት እየሄዱ ነው ቢሉኝ ምን ልል ነው?» አሉኝ። በማግሥቱ ሰኞ አብረን ሄድን፤ ነርሷ በደስታ ተቀብላ መድኃኒታቸውን አስጀመረቻቸው።

አሁን ወደ ጥናቶቹ ልሻገር። ይህን ታሪክ ያስቀደምሁት ጥናቶቹን ያነበብሁት እርሱን ይዤ ስለሆነ ነው።

በስልክ ክትትል ላይ ከተደረጉት ጥናቶች በብዛት የሚጠቀሰው በጎረቤታችን በኬንያ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2010 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመሩ 538 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። ለአንደኛው ወገን በየሳምንቱ አንዲት አጭር መልእክት ይላክለት ነበር፤ «ማምቦ?» የምትል፤ በስዋሂሊ «እንዴት ነህ?» እንደማለት ናት። ታካሚው በ48 ሰዓት ውስጥ «ደኅና ነኝ» ወይም «ችግር አለ» ብሎ ይመልሳል። ውጤቱም መድኃኒታቸውን በሥርዓት ወሰዱ የተባሉት መልእክቱ ከሚደርሳቸው ወገን ከመቶ 62፣ ከማይደርሳቸው ደግሞ ከመቶ 50 ሆኑ። ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም፤ እኔም አላቃልለውም።

ሆኖም ይህ ጥናት በየስብሰባው ሲጠቀስ ሁልጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ችግር አለ ብሎ ለመለሰው፣ እንዲሁም ጨርሶ ላልመለሰው ሰው የጤና ባለሙያ ትደውልለት ነበር። መልእክቷ ስለ በሽታም ስለ መድኃኒትም አንዲት ቃል አትናገርም፤ ስልኩን ሌላ ሰው ቢያነሣው የሚያነበው የወዳጅ ሰላምታ ነው። የእኔ «የሌላው ነው» እና የእነርሱ «እንዴት ነህ?» ምን ያህል እንደሚራራቁ ተመልከቱ። እነርሱ ስልኩ በማን እጅ ሊወድቅ እንደሚችል አስቀድመው አስበውበት ነበር። ለጥናቱ የተመረጡትም ስልክ ያላቸው ወይም ሊያገኙ የሚችሉ ሰዎች እንደነበሩ መዘንጋት የለበትም።

በሀገራችንም ተመሳሳይ ነገር ተሞክሯል። በአዲስ አበባና በኦሮሚያ በሚገኙ 78 የጤና ተቋማት፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ገሚሶቹ ክዳኑ ሲከፈት የሚመዘግብና ሰዓቱ ሲደርስ የሚጮህ ሣጥን፣ ገሚሶቹ በመድኃኒቱ መያዣ ላይ የተለጠፈ በነፃ በአጭር መልእክት የሚላክ ቁጥር ተሰጣቸው፤ የቀሩት በተለመደው መንገድ ታከሙ። በመጨረሻ ሲነጻጸር አዲሶቹ መሣሪያዎች የሕክምናውን ውጤት ከተለመደው ክትትል በግልጽ የተሻለ አላደረጉትም። ይህን ስሰማ አንዳንድ ሰዎች ቴክኖሎጂው ከሸፈ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን እንደዚያ አላነበው። የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ በየዕለቱ ጤና ጣቢያ ከመመላለስ ቢድን፣ ያም ውጤቱ ሳይጎዳበት ከሆነ፣ ለቀን ሠራተኛ ትልቅ ነገር ነው። የምወስደው ትምህርት ሌላ ነው። የተለመደው ክትትል የምንለው ነርሷና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናቸው። እነርሱ ባሉበት መሣሪያው የጨመረው ጥቂት ነው። እነርሱ በሌሉበት መሣሪያው ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ያ ጥናት አልፈተነም፤ እኛ ግን ሳናስበው በዚህ ዓመት ካዛንቺስ ላይ እየፈተንነው ነው።

ሦስተኛውና በጣም የሚያሳስበኝ ነገር የማይቆጠረው ሰው ጉዳይ ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ ከሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የዓለም ባንክ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ኑሮ ምን እንደደረሰበት በስልክ ጥናት አካሂዷል። ሰው ለሰው መቀራረብ በማይቻልበት ወቅት ሌላ መንገድ አልነበረምና ሥራው የሚመሰገን ነው። አጥኚዎቹ ራሳቸው በግልጽ እንደጻፉት ግን የሚጠየቀው ስልክ ያለው ቤተሰብ ብቻ ነው፤ ስልክ የሌለው ደግሞ በአብዛኛው ይበልጥ ድኻው ነው። ሊቃውንቱ ይህን ጉድለት በስሌት ለማካካስ ይጥራሉ። የእኛ አጥቢያ መዝገብ ግን ስሌት የለውም። መዝገቡ ሲሞላ ማያ ገጹ ላይ ስም ይደረደራል፤ ያልተደረደረው ሰው እንደሌለ ይቆጠራል። የምንረዳቸው ማየት የተሳናቸው፣ አልጋ የያዙ፣ በሰው ቤት ጥገኛ የሆኑ፣ ስልኩ በልጅ ልጅ እጅ ያለባቸው ናቸው። ደውለን የምናገኛቸው ከመካከላቸው የተሻሉትን ነው። በዓመቱ መጨረሻም ሪፖርታችን ላይ «ከተደወለላቸው ውስጥ ይህን ያህሉ ደኅና ናቸው» ብለን በሐቅ እንጽፋለን፤ ሐቅም ይሆናል፤ ያልተደወለላቸው ግን የሉበትም።

ስለ ተንቀሳቃሽ ገንዘብና ስለ ፋይዳ መታወቂያም ጥያቄ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ፤ ባጭሩ ልለፈው። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፤ ርዳታ በመካከል ሳይንጠባጠብ ለባለቤቱ እንዲደርስ ያግዛሉ። ግን ማንበብ የማይችሉ አባት የምስጢር ቁጥራቸውን ለጎረቤት ልጅ ሲሰጡ፣ ቁጥሩ ከእርሳቸው ጋር የሚኖረው በዚያ ልጅ ታማኝነት ልክ ነው። ይህም ተመልሶ ወደ ሰው ያመጣናል።

አሁን ወደ አጀንዳችን ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልመለስ። ከቀረበው ሐሳብ ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ «የተሟላ አድራሻ ለማግኘት የንስሐ አባቶችን ዝርዝር በግብዓትነት መጠቀም ይቻላል» ይላል። በትሕትና፣ ነገር ግን ያለ ማወላወል፣ ይህን እቃወማለሁ። በእርግጥ የንስሐ አባት ልጆቹ የት እንዳሉ ያውቃል፤ ማን እንደታመመ፣ ማን ምን እንደሚወስድም ያውቃል። የሚያውቀው ግን ስለማይናገር ነው። የጠፋ ታካሚ መፈለጊያ ካደረግነው በሚቀጥለው ዓመት ምንም አያውቅም። በዚህ ላይ የሀገራችን ሕግም ዝም አላለም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል ይመድበዋል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ ቀኖናችን አለ።

ካህናት በዚህ ሥራ ቦታ የላቸውም እያልሁ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጋጩ፣ ምእመናን ሁለቱንም መጠቀም እንደሚችሉ በእንጦጦ በአደባባይ መናገራቸውን እናስታውሳለን። ያኔ ጠበል ለመጠመቅ ብለው መድኃኒት ያቆሙ ብዙ ነበሩ። ሐኪሞች ያንኑ ሲናገሩ ቆይተው ነበር፤ ሰው የሰማው ግን ከሚያምነው አፍ ሲመጣ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን የማንም ስም አልተጠራም፤ የማንም ዝርዝር አልተሰበሰበም። ቤተ ክርስቲያን በአደባባይ ለሁሉ የምትናገረውና በጓዳ ከአንዱ የምትሰማው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የኮምፒውተር መዝገብ ሁለቱን መለየት አይችልም።

ታዲያ ምን እናድርግ ለሚለኝ፣ የእድሩን ደብተር ላስታውሳችሁ እወዳለሁ። ያ ደብተር የሠራው ሦስት ነገር ስለነበረው ይመስለኛል። ሰዎቹ ራሳቸው ፈቅደው የተጻፉበት ነው፤ ሲዛወሩ ራሳቸው መጥተው ያሳርሙታል፤ ከሚያስፈልገው በላይ አንዳች አልያዘም። የመንግሥት የጤና ሥርዓት በኮምፒውተር መደራጀቱን እደግፋለሁ፤ በሽታን የሚመዘግብ መዝገብ በጤና ተቋሙ፣ በሐኪሙ ኃላፊነት ሥር ይሁን። የእኛ መዝገብ ግን እንደ እድሩ ደብተር ይሁን። በኮምፒውተር ይያዝ፣ አይያዝ ሁለተኛ ጉዳይ ነው።

በእርሱም ላይ አንዲት ጥያቄ እንድትጨመር እለምናለሁ፤ ሰውየው ገና በጤናው፣ ገና በደጃችን ሳለ የምትጠየቅ፦ «አንድ ቀን ብናጣዎ፣ በማን በኩል እንፈልግዎ? ለዚያ ሰውስ ምን ብለን እንንገረው?» ከሁለቱ የሚበልጠው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። አንዳንዱ «ማንም አይፈልገኝ» ይላል፤ መልሱ ይከበር፤ የራሱን ስልክና የኛን ቁጥር ሰጥተነው እንለየው። ሌላው ጎረቤቱን፣ ሌላው የሰንበቴ ማኅበርተኛውን ይጠራል። እኔ ባለፈው የካቲት ይህች መልስ በእጄ ብትኖር ኖሮ ልጅቱን «ሰላም ብዬ ልጠይቃቸው ነው» ብዬ እሰናበታት ነበር።

ስለ በጀቱም አንድ ነገር። በቀረበው ረቂቅ ለኮምፒውተር፣ ለሶፍትዌርና ለሥልጠና ገንዘብ ተይዟል፤ ለትራንስፖርት የተያዘ ግን የለም። ገላን ጉራ ደርሶ መልስ የሚሄድ፣ በር የሚያንኳኳ ሰው የታክሲ ያስፈልገዋል። ውላቸው ከተቋረጠባቸው የክትትል ሠራተኞች መካከል ጥቂቶቹ በዚሁ አዳራሽ ተቀምጠው አያቸዋለሁ። ሥራውን ያውቁታል፤ ሰዎቹንም ያውቋቸዋል። እነርሱን በትንሽ አበል መልሶ ማሰማራት ከአንድ ኮምፒውተር ዋጋ አይበልጥም የሚል ግምት አለኝ፤ የሒሳብ ክፍል ወንድሞች ያርሙኝ። ዘላቂ መፍትሔ እንዳልሆነ ዐውቃለሁ። ግን የሐምሌው መድኃኒት በጥር አልቋል፤ የነሐሴውም በየካቲት አልቋል፤ በዚህ ሳምንት የሚያልቅባቸው አሉ።

ከመቀመጤ በፊት፣ ያችን ጥያቄ ለእማማ አቅርቤላቸው እንደነበር ልንገራችሁ። ከነርሷ ዘንድ ስንመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ነበር። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «ሌላ ሰው አልፈልግም፤ ከእንግዲህ ካወቅህ አይቀር አንተው ና» አሉኝ። «ግን ወረቀት በእጅህ አትያዝ። የጠበል ዕቃ ይዘህ ና፤ ጎረቤቶቼ ዲያቆኑ ጠበል አመጣላቸው ይበሉ። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ አትምጣ፤ የጎረቤቴ ልጅ እኔ ዘንድ ነው የምታጠናው።»

ቢሮ ተመልሼ ይህን ልመዘግብ ቅጹን አወጣሁ። ስልክ፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር ይላል። የእማማ መልስ የሚገባበት ቦታ አጣሁና በቅጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፍሁት። ቅጹ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በቡድን ሲታይ፣ ለዚህ ዓይነት መልስ የሚበቃ ሁለት መስመር እንዲተውለት እጠይቃለሁ።



ወስብሐት ለእግዚአብሔር።